የሆላንዶችን እንግሊዝኛ ለመስማት እንደ ሆላንዶች መናገርን መለማመድ

የባቱ አስተርጓሚ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ከባቱ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የጽጌረዳ እርሻ ላይ በአስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። የምርት ባለሙያዎቹ ሆላንዶች ሲሆኑ ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ትእዛዙን ለሠራተኛው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አደርሳለሁ። በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስለሆነ ቋንቋው ያስቸግረኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ።

በዚያ ዕለት ማለዳ የምርት ኃላፊው በሬዲዮ መገናኛ ጠርቶኝ “12 ዛሬ አይቆረጥም” አለኝ። ከቁጥሩ በፊት የተናገራት ቃል በጆሮዬ “ቤት” ሆና ገባች። እኛ ግሪንሃውሱን ሁላችንም “ቤት” እያልን ስለምንጠራው፣ ነጩም ሰው ቃላችንን የለመደ መስሎኝ፣ የ12 ቁጥር ቤት ቆራጮችን በሙሉ ወደ ማሸጊያው ክፍል ላክኋቸው። ሰውየው ያለው ግን “ቤድ” ነበር፤ ማለትም እርሱ በቆመበት ቤት ውስጥ መድኃኒት የተረጨባት አንዲት መደብ። ከሰዓት በኋላ ስህተቱ ሲታወቅ 12 ቁጥር ቤት ውስጥ ያለው ጽጌረዳ በሙቀቱ ፈክቶ ነበር፤ አንዴ የፈካ ጽጌረዳ ደግሞ ሆላንድ ውስጥ አልስሜር ወደሚገኘው የአበባ ጨረታ አይላክም።

በዕለቱ ሁሉም ጥፋቱን በሬዲዮው አሳበበ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳጤን ሰዎቹ ፊት ለፊትም ቆመው የሚናገሩት እንደዚያው መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ጆሮዬን ብቻ ከማስለምድ ይልቅ አፌን ባስለምድስ? ማታ ማታ እንግሊዝኛውን እነርሱ በሚናገሩት መንገድ ብለማመድ፣ የትኛው ድምፅ በየትኛው እንደሚተካ ቀድሜ ላውቅ አልችልምን? ይህን የሞከረ ወይም በሙያው የሚያውቅ ካለ ከየት እንደምጀምር እንዲመራኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነዛሪ

ሥነ ድምፅ አስተምራለሁ፤ ታሪክዎን ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝምና።

የሆላንዶች ቋንቋ ደችኛ በቃል መጨረሻ ላይ ነዛሪ ተነባቢን አይታገሥም። ጣትዎን በማንቁርትዎ ላይ አኑረው “ዝ” እና “ስ”ን እያፈራረቁ ቢያስረዝሙ፣ በመጀመሪያው የድምፅ አውታሮች ሲርገበገቡ፣ በሁለተኛው ዝም ሲሉ ይሰማዎታል፤ በ“ድ” እና በ“ት” መካከል ያለውም ልዩነት ይኸው ነው። ሆላንዶች ውሻን “ሆንድ” ብለው ይጽፋሉ፤ ሲናገሩት ግን “ሆንት” ነው። ውሾቹ ሲበዙ “ሆንደን” ይላሉ፤ አሁን ድምፁ መጨረሻ ላይ ስላልሆነ “ድ” ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሕግ ከሕፃንነት ጀምሮ ሳይታሰብ የሚሠራ በመሆኑ እንግሊዝኛውም ውስጥ ተከትሏቸው ይገባል፤ “ድ” ወደ “ት”፣ “ብ” ወደ “ፕ”፣ “ግ” ወደ “ክ”፣ “ዝ” ወደ “ስ”፣ “ቭ” ወደ “ፍ” ይሄዳል። አምስት ቁጥርን “ፋይፍ” ሲሉ የሰሙት ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የአናባቢ ጉዳይ ይጨመራል። እንግሊዝኛ “መጥፎ” የሚለውን ቃልና “መደብ” የሚለውን ቃል የሚለየው በአናባቢ ነው፤ በመጀመሪያው አፍ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ደችኛ በዚያ የአፍ ክፍል ያለው አጭር አናባቢ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ወደ እርሱ ይጠቀለላሉ። እንግዲህ መጥፎ፣ መደብ፣ ውርርድ እና የሌሊት ወፍ፣ በእንግሊዝኛ አራት የተለያዩ ቃላት የሆኑት ሁሉ፣ በአንድ “ቤት” ሊገቡ ይችላሉ ማለት ነው። የእርስዎ አማርኛ አምስተኛውን ጨመረበት።

አንድ ረቂቅ ነገር አለ፣ በልምምድዎ እንዳይዘነጉት። እንግሊዞች ራሳቸው በ“ቤድ” መጨረሻ ያለውን “ድ” አጥብቀው አይናገሩትም፤ አድማጩ የሚለየው በዋናነት ከፊቱ ያለው አናባቢ ረዘም በማለቱ ነው። ስለዚህ “ድ”ን በ“ት” መተካት ብቻውን ቅላፄውን አያመጣውም፤ አናባቢውንም ቆረጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከዩትሬክት

ሰላም ለሁላችሁ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከኖርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ ባለቤቴም የዚሁ አገር ሰው ነው። ከእኔ ዘንድ አማርኛ ተምሮ ዛሬ ከእናቴ ጋር በስልክ ያወራል፤ ሆኖም “ልጅ” ማለት አቅቶት “ልች” ይላል፤ “ሆድ”ንም “ሆት” ይለዋል። የሚገርመው ግን “ልጄ” እና “ሆዴ” ሲል አንደበቱ ፍጹም የእኛ ነው። እስከ ዛሬ እልኸኝነት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን የ“ሆንት” እና የ“ሆንደን” ነገር ሲጻፍ ሳነብ ገባኝ።

ለልምምድዎ ከእኔ የምጨምረው ይህ ነው። እኛ የእንግሊዝኛውን መስተአምር (ከስም በፊት የምትገባዋን ቃል) “ዘ” እንላለን፤ እነርሱ “ደ” ይላሉ። የራሳቸው ቋንቋ መስተአምርም “ደ” ስለሆነ ምንም አይለፉበትም። “ማሰብ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንዳንዱ “ቲንክ”፣ አንዳንዱ “ሲንክ” ይለዋል። “ፊልም” የሚለውን ብዙዎቹ “ፊለም” ብለው ይከፍቱታል፤ ወተትንም በቋንቋቸው “ሜለክ” የሚሉ አሉ፣ ጽሑፉ ላይ በመካከል ምንም አናባቢ ሳይኖር። እኛ “ሕልም” እያልን ስላደግን በዚህ አንቸገርም፤ እርስዎ ግን ሊመስሏቸው ከፈለጉ መቸገር አለብዎ። በተቃራኒው እኛ ቃል መጀመሪያ ላይ “እስፖርት” የምንለውን እነርሱ ሦስት ተነባቢ ቢደረደርም “እ” ሳያስገቡ ይናገሩታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ላይ “እ”ን መግደል፣ በመጨረሻው ላይ “ኧ”ን መውለድ ነው።

ደግሞም ሁሉም እንዲህ አይናገሩም። እዚህ አገር ፊልምና የቴሌቪዥን ዝግጅት ከሕፃናት ፕሮግራም በስተቀር በአብዛኛው በራሱ ቋንቋ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ስለሚታይ፣ ልጆቹ እንግሊዝኛን እየሰሙ ያድጋሉ። ወጣቶቹ ዘንድ የአሜሪካኖች አነጋገር የሚጎላባቸው ብዙ ናቸው። ከባዱ ቅላፄ ያለው ባመዛኙ በዕድሜ በገፉት ላይ ነው፤ እርስዎም አለቃዎ ስንት ዓመት እንደሆነ አልነገሩንም።

ጠያቂ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ይህ ነገር አልተዋጠልኝም። የሰውን አነጋገር ማስመሰል በእኛ ባህል መሳለቅ ነው። በልጅነታችን የገጠር ዘመዶቻችንን አነጋገር ስናስመስል የተቆነጠጥነው ለዚህ አይደለምን? ሰውየው ቢሰማዎ ምን ይሰማዋል? “አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ” ብሎ መጠየቅ እያለ ማታ ማታ በክፍል ውስጥ ማስመሰል ለምን አስፈለገ?

የባቱ አስተርጓሚ

ስጋትዎን እጋራለሁ። በእርሱ ፊት አንድም ቀን አላደርገውም፤ ለሥራ ባልደረቦቼም አላሰማሁም። ማስደገምን በተመለከተ ግን ችግሬ ሌላ ነው። ሰው የሚያስደግመው አለመስማቱን ሲያውቅ ነው፤ እኔ ያን ዕለት በሚገባ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። (አለቃዬ ወደ ስድሳ ይጠጋል።)

ነዛሪ

ጠያቂ ላነሡት ነጥብ በመረጃ መልስ መስጠት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፓቲ አዳንክ፣ ፒተር ሃጎርት እና ሃሮልድ ቤከሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት በትክክል ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ የሠሩትም በሆላንዶች ላይ ነው። አናባቢዎቹን በመለዋወጥ ማንም የማያውቀው የደችኛ ቅላፄ ፈጠሩ፤ በዚያ ቅላፄ የተነገሩ ዓረፍተ ነገሮችን ጫጫታ ውስጥ አስገብተው ለተሳታፊዎች አሰሙ። ከፊሎቹ እንዲያዳምጡ ብቻ፣ ከፊሎቹ የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር እንዲደግሙ፣ ከፊሎቹ እንዲጽፉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ቅላፄውን ራሱን አስመስለው እንዲናገሩ ተደረገ። ከልምምዱ በኋላ የመረዳት ችሎታቸው የተሻሻለው አስመስለው የተናገሩት ናቸው። ማዳመጥም ሆነ በራስ አነጋገር መድገም ያንን ያህል አልጠቀመም።

ስለዚህ የባቱው ወንድማችን ሳያውቁት የደረሱበት መንገድ ተፈትኖ ያለፈ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በየቀኑ ጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ ነገር ግን ከተቀዳ ድምፅ በኋላ ወዲያው፤ ከትዝታ አይሁን። ከትዝታ ሲሆን የምናስመስለው ሰውየውን ሳይሆን ስለ ሰውየው ያለንን ሥዕል ነው፤ ጠያቂ የፈሩት መሳለቅም የሚጀምረው እዚያ ይመስለኛል።

የመድረክ ሰው

ተዋናይ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ አንድ ቴአትር ላይ የሆላንዳዊ ነጋዴ ገጸ ባሕርይ ተሰጥቶኝ ለሁለት ወር በዚህ ጉዳይ ላይ ላቤን አንጠፍጥፌአለሁ። በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ዳይሬክተሩ “ጀርመናዊ ሆነሃል” አለኝ፤ እውነቱን ነበር። ስለዚህ ትልቁ ወጥመድ የትኛው እንደሆነ ልንገርዎ፤ የቃል መጨረሻን መዝጋት ጀርመኖችም ያደርጉታልና በእርሱ ብቻ ከተማመኑ ወደ በርሊን ነው የሚሄዱት።

ሁለቱን የሚለያቸው በመጀመሪያ ትንፋሽ ነው። መዳፍዎን ከአፍዎ ፊት ያድርጉ። እንግሊዝና ጀርመን “ፕ”፣ “ት” እና “ክ”ን በቃል መጀመሪያ ሲናገሩ ትንፋሽ መዳፍን ይመታል፤ ሆላንዳዊው ሲናገር መዳፉ ላይ ምንም አይደርስም። ለእንግሊዞች ጆሮ “ፓይ” የሚለው “ባይ” ሊመስል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ትንፋሹን እናስቀር ስንል ወደ “ጠ” እና “ቀ” እንንሸራተታለን፤ እኔ ሦስት ሳምንት በዚህ አጠፋሁ። “ጠ” ጉሮሮን ዘግቶ የሚፈነዳ ድምፅ ነው፤ የእነርሱ “ት” ግን ለስላሳ ነው፣ ምላስ ዝም ብላ ከጥርስ አካባቢ ትለቃለች እንጂ ጉሮሮ ምንም ሥራ የለውም። ለእኔ የሠራልኝ ዘዴ “ስት” እያልኩ ከርሜ፣ ኋላ ላይ “ስ”ን በሐሳቤ ብቻ ብዬ “ት”ን ማውጣት ነበር።

ሁለተኛው “ው” ነው። ጀርመኖች እንግሊዝኛውን “ው” ወደ “ቭ” ይወስዱታል። ሆላንዶች ከሁለቱ መካከል ይቆማሉ፤ የታች ከንፈር ወደ ላይኛው ጥርስ ይጠጋል፣ ግን አይፋጭም፣ አይነዝርም። የላይኛውን ከንፈር አያሞጥምጡት።

ሦስተኛው “ስ” ነው። የእነርሱ “ስ” ምላስን ወደ ኋላ ሳብ ስለሚያደርግ ከእኛ “ስ” ወፍራም ነው፣ ወደ “ሽ” ያዘነብላል። እዚህ ላይ ግን ልክ ይኑርዎት፤ ሙሉ “ሽ” ካደረጉት ቀልድ ይሆናል። ለዚህ ማስጠንቀቂያ የሚሆነን እንግሊዛዊው አሠልጣኝ ስቲቭ ማክላረን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሆላንዱን ትዌንቴ በተረከበ ማግስት፣ ከአርሰናል ጋር ለሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ሊጫወት ሲል፣ ለሆላንድ ጋዜጠኛ በሰጠው ቃለ ምልልስ እንግሊዝኛውን በሆላንዶች ቅላፄ ሲናገር ተቀርጾ ዓለም ሳቀበት። እኔ ግን ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው የሳቅኩት ጥቂት ነው። ሰውየው የሚያስመስል አይመስለኝም፤ ጋዜጠኛው በሚናገርበት ምት ሳያውቀው ተጎተተ እንጂ። በነገራችን ላይ በ2010 ቡድኑን የሊጉ ሻምፒዮን አድርጎታል።

የሬዲዮ ኳስ አድማጭ

ለመስማት ከሆነ በፕሪሚየር ሊጉ የሆላንዳውያን አሠልጣኞች ጋዜጣዊ መግለጫዎች ምን ጎደላቸው? ሉዊ ቫን ኻል በማንቸስተር ዩናይትድ ዘመኑ፣ ኤሪክ ቴን ሃግ ከእርሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሊቨርፑልን የተረከበው አርነ ስሎት፤ ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ቫን ኻል የአምስተርዳም ልጅ ነው፤ ሁለቱ ከምሥራቁ ክፍል ናቸው። ተጫዋቹ ቨርጂል ቫን ዳይክ ደግሞ ከደቡቡ ከብሬዳ ነው። ስሎትን ሰምቶ ቫን ኻልን መስማት የትውልዱን ልዩነት በጆሮ ያሳያል።

የአድዋ ልጅ

እስካሁን ስለ ዋናው የደችኛ ድምፅ ማንም አላነሣም፤ ስለዚያ ከጉሮሮ ስለሚፋቀው “ኸ”። ቫን ኻል ራሱ ሲጻፍ በ“ግ” ነው። እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎች እርሱን ከእናታችን ጡት ጋር ስለጠባነው፣ ከአማርኛ ተናጋሪዎች ይልቅ ለእኛ ይቀለናል ባይ ነኝ።

ከዩትሬክት

የአድዋው ወንድሜ፣ ደችኛ ለመማር ከሆነ እውነትዎን ነው፤ እኔ ያንን ድምፅ ለማውጣት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆላንዶች ራሱን የደበቀ ጀርመናዊን ለመለየት “ስኸፈኒንገን” የሚለውን የባሕር ዳርቻ ሰፈር ስም ያስጠሩት ነበር ይባላል፤ ጀርመናዊው “ሽ” ብሎ ስለሚጀምረው ወዲያው ይታወቃል። መጽሐፈ መሳፍንት ላይ “ሺቦሌት” ማለት አቅቷቸው “ሲቦሌት” ያሉትን የኤፍሬም ሰዎች ያስታውሰኛል። ነገር ግን የክሩ ጥያቄ ስለ እንግሊዝኛቸው ነው፤ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ይህን “ኸ” እምብዛም አያመጡትም። “ጉድ” የሚለውን በቃሉ መጀመሪያ እንደማንም በ“ግ” ይሉታል፣ ስህተቱ መጨረሻው ላይ “ጉት” ማለታቸው ነው። እያንዳንዱን “ግ” ከጉሮሮው የሚፍቅ አስመሳይ ሆላንዳዊን ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው።

ነዛሪ

ከዩትሬክት የጻፉት ትክክል ነው፤ አንድ ተጨማሪ ሕግ ግን ሳላነሣ ብቀር የመጀመሪያው ሕግ ያሳስታል። በሁለት ቃላት መገናኛ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መሐረብን “ዛክዱክ” ብለው ይጽፋሉ፤ የሚናገሩት ግን “ዛግዱክ” ነው፣ “ክ” በተከታዩ “ድ” ተስባ ትነዝራለች። እንግሊዝኛውም ላይ “የኋላ በር” ሲሉ “ቤክ ዶር” ሳይሆን “ቤግ ዶር” ሊሰሙ ይችላሉ፤ ይህን ከረጢት ነው ብለው እንዳይተረጉሙት። ስለዚህ ልምምድዎ በነጠላ ቃል ላይ ብቻ አይሁን።

ለመሣሪያው ሁለት ነገር እጠቁማለሁ። በቨርጂኒያ የሚገኘው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጹ ላይ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ሰዎች አንዲቱን አጭር የእንግሊዝኛ አንቀጽ ሲያነቡ የተቀዱበት የድምፅ ክምችት አለው። ደችኛም አማርኛም አፋቸውን የፈቱ አንባቢዎች አሉበት። አንቀጹ ውስጥ “ትልቅ”፣ “እንቁራሪት”፣ “ልጆች” እና “ከረጢቶች” የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ስላሉ የመጨረሻ ድምፆቹን ለመፈተን የተመቸ ነው። በመጀመሪያ ሆላንዱን፣ ቀጥሎ ኢትዮጵያዊውን፣ ቀጥሎ ራስዎን ይስሙ። ሁለተኛው “ፕራት” የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ የአናባቢውን ርዝመት በሺሕኛ ሰከንድ ይለካልዎታል፣ የድምፅዎን መውጣትና መውረድም በመስመር ይሥልልዎታል። የሠሩት የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፓውል ቡርስማ እና ዳቪድ ዌኒንክ ናቸው፤ ስሙም በደችኛ “ተናገር” ማለት ነው። በዚያ መስመር ላይ የአለቃዎ ዜማ ከብሪታንያውያን ይልቅ ጠባብ ሆኖ ሊያዩት ይችላሉ። ያንን በአማርኛ ሲያስተረጉሙ እንደ ቁጣ እንዳይወስዱት።

የሆላንዶችንና የእንግሊዝኛ አነጋገርን ነገር ካነሣን ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የእንግሊዝኛን የፊደልና የድምፅ አለመጣጣም በረጅም ግጥም የዘረዘረው ኼራርድ ኖልስት ትሬኒቴ ሆላንዳዊ እንደነበረ ማስታወስ ደስ ይለኛል። ግጥሙን ያወጣው የውጭ አገር ቅላፄን ስለ መጣል ላዘጋጀው የልምምድ መጽሐፍ አባሪ አድርጎ ነው፤ የእርስዎ ልምምድ የእርሱ ተቃራኒ ነው።

የባቱ አስተርጓሚ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ፤ የዘገየሁት የቫለንታይን ምርት ስለነበረ ነው።

ማታ ማታ ለሃያ ደቂቃ ያህል የስሎትንና የቫን ኻልን መግለጫ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያቆምሁ፣ ወዲያው ተከትዬ በእነርሱ አነጋገር ስደግም ሰነበትሁ። “ት”ን ያለ ትንፋሽ ማውጣት እስከ ዛሬ አልተሳካልኝም፤ የመድረክ ሰው የነገሩኝ የ“ስት” ዘዴ ግማሽ መንገድ አድርሶኛል። የቃል መጨረሻው ግን በሁለት ሳምንት ገባኝ። አሁን ሬዲዮው ላይ “ሳይት” የሚል ቃል ስሰማ ከመተርጎሜ በፊት አፌ ውስጥ “ሳይድ” የሚለው ቀድሞ ይመጣል፤ “ከየትኛው ወገን?” ብዬ እጠይቃለሁ። ከረጢትና ኋላንም እለያለሁ። ያልጠበቅሁት ነገር ደግሞ የራሴን መስማቴ ነው። ያንን የአማርኛ ተናጋሪ ቅጂ ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ የራሴን ስሰማ ያው ሆኖ አገኘሁት፣ “ዘ” ከነሙሉ ክብሯ።

የማክሰኞውን ነገር ለአለቃዬ በዝርዝር አስረዳሁት፤ በእኛ ቋንቋ “ቤት” ምን ማለት እንደሆነም ነገርሁት። እርሱ ለካ በዚያ ዕለት እኔ ትእዛዙን የጣስሁ መስሎት ነበር። አሁን ከሬዲዮ መገናኛው ላይ የእንግሊዝኛዋን ቃል አስቀርተን የአማርኛውን “መደብ” ተጠቀምን። ቃሏን በአንድ ቀን ያዛት። ዛሬ ጠዋት “መደፕ 12” ብሎ ሲጠራ አንድም ሰው አልተሳሳተም።